ፀሐይ ምጣድ ብትሆን፣ ምድር አተር ናት

ልጅዎን «እስቲ ፕላኔቶቹን በቅደም ተከተል ጥራልኝ» ቢሉት ሳይተነፍስ ይጨርስልዎታል። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድር፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቲዩን። ለፈተና ይበቃዋል። ቀጥለው «ከእነዚህ ውስጥ ከበረንዳችን ላይ ቆመን በዓይናችን ብቻ ልናያቸው የምንችለው ስንቱን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር ከአዋቂዎችም ብዙዎቻችን አብረነው ዝም እንላለን።

መልሱ አምስት ነው። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ያለ ምንም መሣሪያ ይታያሉ። አያቶቻችን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የሚያዩት የአጥቢያ ኮከብ እንኳ ኮከብ አይደለም፤ ቬነስ ናት። የሀገራችን የዘመን ቆጠራ ሊቃውንትም አምስቱን ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር ደምረው ያውቋቸዋል። ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል የሚሏቸው ከዐረብኛ በመጡ ስሞች ነው። ልጅዎ እንደ እንግዳ ነገር የሚያጠናው ትምህርት፣ በራሱ ቤት ጣሪያ ላይ ሲመላለስ የኖረ ነው ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የ6ኛ፣ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ላለባቸው ቤቶች ነው። ቴሌስኮፕ መግዛት አይጠበቅብዎትም። የሚያስፈልግዎት ምጣድ፣ ጥቂት አተር፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨትና የስልክዎ ባትሪ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከእርስዎ ከተማ ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ የዘመድ ልጅ ያስፈልግዎታል። ለምን እንደሆነ ወደ መሐል ስንደርስ ያገኙታል።

ምጣዱን ዛሪማ ላይ እናስቀምጠው

ከጎንደር ተነሥተው በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ ሲጓዙ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰው የቆላው ሙቀት ሲቀበልዎት የሚያገኟት ትንሽ ከተማ ዛሪማ ናት። የእናቴ ወገኖች አገር ስለሆነች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አውራ ጎዳናው መሐሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ከበላይዋ የሰሜን ተራሮች ቆመዋል። ሥርዓተ ፀሐይን ለመዘርጋት ከዚህ የተሻለ ሜዳ ማሰብ ይከብዳል። እርስዎ ግን በሰፈርዎ መንገድ ላይም ሊያደርጉት ይችላሉ።

የምሠራው በገበያና ማስታወቂያ ዘርፍ ነው። እዚያ ቶሎ የሚማሩት ነገር ሰው ትልቅ ቁጥር ሰምቶ ወዲያው እንደሚረሳ ነው። ለልጅዎ «ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች» ቢሉት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። «ከምጣዱ 65 እርምጃ ሂድ» ቢሉት ግን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም አይረሳም።

እንግዲህ ፀሐይን ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ የእንጀራ ምጣድ እንወክላት። በዚህ ልክ ሌሎቹ እንዲህ ይሆናሉ፦

ሜርኩሪ፦ ከምጣዱ 25 ሜትር ርቃ ያለች የጎመን ዘር ፍሬ።
ቬነስ፦ 47 ሜትር ላይ ያለች አንድ አተር።
ምድር፦ 65 ሜትር ላይ ያለች ሌላ አተር።
ማርስ፦ 98 ሜትር ላይ ያለ የሰሊጥ ፍሬ።
ጁፒተር፦ 335 ሜትር ላይ ያለ አነስተኛ ብርቱካን።
ሳተርን፦ 620 ሜትር ላይ ያለ ሎሚ፤ ቀለበቱን ከወረቀት ቆርጠው ያልብሱት።
ዩራነስ፦ 1,240 ሜትር ላይ ያለ ትልቅ ብይ።
ኔፕቲዩን፦ 1,940 ሜትር ላይ ያለ ሌላ ብይ።

ጨረቃስ? አንድ የጤፍ ፍሬ ያንሡና ከአተሯ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ላይ ያስቀምጧት። የሰው ልጅ ከምድር ውጭ በእግሩ የረገጠው ያችን የጤፍ ፍሬ ብቻ ነው።

ልጅዎ ይህን ተጉዞ ሲጨርስ ሁለት ነገሮች ይገቡታል። የመጀመሪያው የመጽሐፉ ሥዕል ለምን እንደሚያሳስት ነው። በሥዕሉ ላይ ፕላኔቶቹ እንደ ዶቃ ተደርድረው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ርቀታቸው በልኩ ቢሣል ኖሮ ገጹ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊረዝም ነው። ሁለተኛው ሥርዓተ ፀሐይ በአብዛኛው ባዶ ቦታ መሆኑ ነው። ከጠቅላላው ክብደት 99.8 በመቶ የሚሆነው ያለው በምጣዱ ውስጥ ነው። አተሮቹን፣ ብርቱካኑንና ብዮቹን ሁሉ በየምሕዋራቸው ይዞ የሚያዞራቸውም የዚህ ክብደት ስበት ነው።

አሁን ልጅዎን ብርሃን ሆኖ እንዲሄድ ያድርጉት። ብርሃን ከፀሐይ ተነሥቶ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምጣዱ እስከ አተሯ ያለውን 65 ሜትር በ8 ደቂቃ መጨረስ አለበት። ይህ ከሚድህ ሕፃን የዘገየ አካሄድ ነው፤ ልጆች በጣም ይስቁበታል። በዚሁ ፍጥነት ኔፕቲዩን ለመድረስ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ፣ ማለትም ሌላኛው ምጣድ፣ በዚህ ልክ የሚገኘው ከዛሪማ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የምድር ግማሽ ዙሪያ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑን ያስታውሱና የመሐሉን ባዶነት ያስቡት።

አንድ ነገር እንጨምር። እኛ «ዘጠኝ ፕላኔት» ብለን የተማርነው በስሕተት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከፕሉቶ ጋር የምትቀራረብ ኤሪስ የተባለች አካል መገኘቷ ይፋ ሲሆን፣ ሳይንቲስቶቹ ፕላኔት ለሚለው ቃል ጥርት ያለ ትርጉም መስጠት ነበረባቸው። በ2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ትርጉሙን አጸደቀ፤ ፕሉቶም ወደ ድንክ ፕላኔቶች ጎራ ተዛወረች። ልጅዎ «እናንተ ተሳስታችሁ ነው የተማራችሁት» ቢልዎት፣ ሳይንስ አዲስ ማስረጃ ሲያገኝ ዝርዝሩን እንደሚያስተካክል ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ፀሐይ የምትቀርበን በገና ሰሞን ነው

ልጆችን «ብርድና ሙቀት ለምን ይፈራረቃሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ብዙዎቹ «ምድር ከፀሐይ ስትርቅ ይበርዳል፣ ስትቀርብ ይሞቃል» ይላሉ። የደባርቅ ሰው ግን ይህን መልስ በቀላሉ ያፈርሰዋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በሰሜን ተራሮች ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደረባል። ምድር በዓመቱ ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን ልክ በዚያው ሰሞን፣ ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ርቀቱ ያን ጊዜ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ይደርሳል።

ወቅቶችን የሚያመጣው የምድር ዛቢያ መዝመም ነው። ምድር የምትሽከረከረው ቀጥ ብላ ሳይሆን 23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው። ስለዚህ በሰኔ ሰሜኑ ክፍሏ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ደቡቡ። ለንደን ያለ ዘመድዎ በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን ያያል፤ በታኅሣሥ ግን ቀኑ ወደ 8 ሰዓት ያጥርበታል። ዛሪማ ወይም ጎንደር ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን «አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት» እያልን መቁጠራችን የሚያመቸን ለዚህ ነው። ጠዋታችን ዓመቱን ሙሉ ከቦታው ብዙ አይርቅም።

የእኛን ዓመት ይበልጥ የሚለየው ዝናብ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ የዝናብ ቀበቶውም ተከትሏት ይመጣል፤ ያኔ ክረምት ይገባል። የውጭ ሀገር መጻሕፍት ስለ በረዶና ስለ ቅጠል መርገፍ ሲያወሩ ልጅዎ ግር እንዳይለው፣ መነሻው ያው አንድ መዝመም መሆኑን ይንገሩት።

«ታዲያ ዛሪማ እየሞቀች ደባርቅ የምትበርደው ለምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀዎት ልጅዎ በደንብ እያሰበ ነው። ሁለቱም ከፀሐይ እኩል ይርቃሉ። ሊማሊሞን ሲወርዱ ግን ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚሉ፣ ከላይ ለብሰውት የነበረውን ካፖርት ታች ያወልቁታል። ልዩነቱን ያመጣው አየሩ ነው፤ ዝቅ ባሉ ቁጥር ይወፍራል፣ ሙቀትም ይይዛል። ይህችው ሐሳብ ሌላ እንቆቅልሽ ትፈታለች። ከሁሉም ፕላኔቶች የምትሞቀው ለፀሐይ የቅርቧ ሜርኩሪ መሆን ነበረባት። ነገር ግን ሜርኩሪ አየር የላትም ማለት ይቻላል፤ ቀን 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብትደርስም ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ትወርዳለች። ቬነስ በወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ተጠቅልላ ቀንም ሌሊትም ወደ 465 ዲግሪ ትግላለች።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን

አሁን ራቅ ብሎ የሚኖረውን የዘመድ ልጅ እንፈልገው።

ኢትዮጵያ የምትገኘው ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ በምታልፍበት ቀበቶ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። አውሮፓ ያለ ልጅ ይህን በአገሩ ሊያይ አይችልም። ፀሐይ በበጋው መጨረሻ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ከተሞቻችንን አንድ በአንድ ትደርስባቸዋለች፤ ሐዋሳን መጋቢት 30 ገደማ፣ አዲስ አበባን ሚያዝያ 5 ገደማ፣ ባሕር ዳርን ሚያዝያ 12፣ ጎንደርን ሚያዝያ 15፣ ዛሪማን ሚያዝያ 17 አካባቢ። ወደ ደቡብ ስትመለስ በነሐሴ እንደገና ታልፍባቸዋለች። ነሐሴ ላይ ግን ደመናው አያስተማምንም፤ የሚሻለው ሚያዝያ ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን ሁለት ልጆች፣ አንዱ ዛሪማ፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ይህን ያድርጉ፦

አንድ ሜትር እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። ቀጥ ማለቱን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ቱንቢ፣ ወይም ክር ላይ በታሰረ ድንጋይ ያረጋግጡ።
ከቀኑ 6:00 እስከ 6:50 በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት።
ከምልክቶቹ ሁሉ አጭሩን ጥላ ይለኩ። የሚገኘው 6:25 አካባቢ ነው።

የዛሪማው ልጅ ጥላ ይጠፋበታል። የአዲስ አበባዋ ልጅ ግን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ ወደ ደቡብ የሚያመለክት ጥላ ታገኛለች። በአንድ ቀን፣ በአንዲት ፀሐይ ሥር ሁለት ዓይነት ጥላ የሚኖረው መሬት ክብ ስለሆነች ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። የጥላውን ርዝመት በእንጨቱ ርዝመት አካፍለው በ57.3 ሲያባዙት ማዕዘኑን ያገኛሉ፤ 7.5 ሲካፈል ለ100፣ ሲባዛ በ57.3፣ ወደ 4.3 ዲግሪ ይሆናል። ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባና በዛሪማ መካከል ያለው ርቀት የምድር ዙሪያ 84ኛ እጅ ያህል ነው ማለት ነው። በካርታ ላይ በቀጥታ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲለካ ይህ ርቀት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የሚሄዱበት መንገድ ስለሚጠማዘዝ እጅግ ይረዝማል፤ ለሒሳቡ እሱን አይጠቀሙ። 480ን በ84 ሲያባዙ 40,320 ይመጣል። ትክክለኛው የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከ2,200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለ ሊቅ ግብፅ ውስጥ፣ የእኛው ዓባይ በሚፈስባት አስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሳሳቱ መልሳቸው 38 ሺህ ወይም 43 ሺህ ገደማ ይሆናል። አይከፉ፤ ዱላና ጠመኔ ይዞ ፕላኔት የለካ ልጅ ይህ ያኮራዋል እንጂ አያሳፍረውም።

ለዚህ ሥራ ሁለቱም ልጆች እኩል እንደሚያስፈልጉ ልብ ይበሉ። የአዲስ አበባዋ ልጅ የግል ትምህርት ቤት፣ ኢንተርኔትና ላፕቶፕ ቢኖራትም ብቻዋን ምድርን መለካት አትችልም። በአማራ ክልል በጸጥታ ችግር ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ በርካታ ልጆች ከክፍል ርቀው ቆይተዋል። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከከተማ ዘመዱ የሚደወልለት ስልክ ብዙ ጊዜ «በርታ፣ አይዞህ» ከማለት አያልፍም። «የአንተ ልኬት ከሌለ የእኔ ሒሳብ አይወጣም» መባል ግን ሌላ ነገር ነው። በዕለቱ ኔትወርክ ባይኖርም ችግር የለውም፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ለክተው በወረቀት ይያዙትና ስልክ ሲሠራ ቁጥሩን ይለዋወጡ።

ሎሚ፣ የስልክ መብራትና ጨረቃ

መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ለጨረቃ ትምህርት ያውሉት። የስልክዎን መብራት ጠረጴዛ ላይ ያብሩ፤ ይህ ፀሐይ ነው። ልጅዎ ሎሚ በእርሳስ ጫፍ ሰክታ ክንዷን ዘርግታ ከራሷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትያዝ። የእሷ ራስ ምድር ነው። ቀስ እያለች በግራዋ በኩል በቦታዋ ትዙር። ሎሚው መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ ቀጭን ማጭድ፣ ከዚያ ግማሽ፣ በመጨረሻም ሙሉ ብርሃን ሆኖ ይታያታል። ከሎሚው ግማሹ ሁልጊዜ በርቷል፤ የሚለያየው ከእሷ በኩል የሚታየው ክፍል ነው። ብዙ ልጆች፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስላቸዋል። ይህን ሎሚ ያዞረች ልጅ ግን ዳግመኛ አትሳሳትም።

ጨረቃ ከሙሉ ወደ ሙሉ ለመመለስ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት እንዲህ ያለ ወር 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። የረመዳን ጾም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ የሚመጣው ለዚህ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ውስጥም ይህችው 11 ቀን መነሻ ናት፤ «አበቅቴ» የሚባለው ስሌት ከእሷ ይጀምራል። ጨረቃና ፀሐይ በየ19 ዓመቱ ተመልሰው ስለሚገናኙ፣ ሊቃውንቱ ይህን ዙር ንዑስ ቀመር ብለውታል። ፋሲካ አንድ ዓመት ቀድሞ ሌላ ዓመት ዘግይቶ የሚውለው በዚህ ስሌት ነው። አጠገብዎ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባት ካሉ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ የትምህርት ቤቱ ሳይንስና የአባቶች ቆጠራ አንዲቱን ጨረቃ እንደሚቆጥሩ ያያል።

ግርዶሹ እየመጣ ነው፤ ዓይን ይጠበቅ

ሎሚውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ በመብራቱ ፊት ብታሳልፈው መብራቱ ይሸፈናል። ይህ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። የጨረቃ ምሕዋር 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል በየወሩ አይከሰትም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታይታ ነበር። በዚያ ሰሞን ልጅዎ ገና ትንሽ ነበር፤ ምናልባትም አያስታውሰውም።

የሚቀጥለውን ግን ያስታውሰዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በኩል የሚያልፍ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል። በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። እኛ ከመስመሩ በደቡብ በኩል ስለምንገኝ በከፊል ነው የምናየው፤ ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ከግማሽ በላይዋ ይጋረዳል። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ጊዜውም ክረምት ስለሆነ ደመናው ከፈቀደልን ነው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በከፊል የተጋረደችን ፀሐይ በባዶ ዓይን ማየት የዓይንን ብርሃን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የዓይናችን የውስጠኛው ሽፋን ሕመም ስለማይሰማው ልጁ ሲቃጠል አያውቅም፤ ጉዳቱን የሚረዳው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ፦

ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ በውኃ ውስጥ የሚታይ ነጸብራቅ፣ አንዳቸውም አይጠብቁም።
መነጽር ከገዙ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የሚለው የደረጃ ቁጥር ያለበትን፣ ያልተጫረና ያልተቀደደ ከታማኝ ሻጭ ይምረጡ። በመነጽር ውስጥም ሆነው በባይናኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ አይመልከቱ።
ያለ ምንም ወጪ፣ ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅተው ጀርባዎን ለፀሐይ ይስጡና ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። የተጋረደችው ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትሣላለች። የሠፌድ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይህን ያደርጋሉ፤ በአንዴ ብዙ ትናንሽ ፀሐዮች ያያሉ።

ከእንጦጦ እስከ አቦል

ልጅዎ «ይህ ነገር በእኛ አገር ሥራ ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለልጆች መንገር የምወደው ይኸኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየሀገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጠ። የኢትዮጵያ ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቱ «አቦል»። አቦል እንደ ጁፒተር ያለ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው፤ ያለው ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ነው። እነዚህ ስሞች በዓለም የኮከብ መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። በሚቀጥለው የቡና ሥነ ሥርዓት አቦል ሲቀዳ ይህን ለልጆችዎ ያንሡላቸው።

በዚህ ወር የሚጀምሩት

የከተማ መብራት ብዙውን ኮከብ ይሰውርብናል። አምስቱ ፕላኔቶች ግን ደማቅ ስለሆኑ ከአዲስ አበባ በረንዳም ቢሆን በየጊዜያቸው ይታያሉ። ከኮከብ የሚለዩዋቸው በሁለት ምልክት ነው፤ እንደ ኮከብ አይርገበገቡም፣ ደግሞም ፀሐይና ጨረቃ የሚሄዱበትን መንገድ አይለቁም። ያ መንገድ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ወደ አናት የቀረበ ስለሆነ፣ ከፎቅና ከዛፍ በላይ አጥርተው ያዩዋቸዋል። ተራ ባይናኩላር ካለዎት፣ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ግድግዳ ተደግፈው ጁፒተርን ይመልከቱ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸውን አራቱን ጨረቃዎች እንደ ትናንሽ ነጥቦች በመስመር ተደርድረው ሊያዩ ይችላሉ።

ከልጅዎ ጋር አንድ ደብተር ይክፈቱ። ለአንድ ወር በየምሽቱ የጨረቃን ቅርጽና የታየችበትን ሰዓት ይሣልበት፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች እንደምትወጣ ራሱ ይደርስበታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምጣዱን ይዛችሁ ወደ ሰፈር መንገድ ውጡ። ከዚያ ለዘመድ ደውሉና ለሚያዝያ ቀጠሮ ያዙ። ዛሪማ ዘመድ ከሌለዎት ጎንደርም፣ መቀሌም፣ ባሕር ዳርም ይሆናል። ዋናው ነገር በሌላኛው ጫፍ እንጨት አቁሞ የሚጠብቅ አንድ ልጅ መኖሩ ነው።